ሰው ካልሞተ አይዜምም

የአባቴን መርዶ የሰማሁት በአማርኛ አይደለም። ያረዱኝም ሽማግሌዎች አይደሉም። ዴንቨር አጠገብ፣ እንግልውድ ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ አፓርታማ ሳሎን፣ ወደ ዘጠና ዓመት የተጠጉ አንዲት ሴት ወለል ላይ ተቀምጠው በዜማ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ የድምፁን መጠን እያስተካከልኩ፣ በደስታ እቀዳቸው ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ካላስረዳሁ አይያዝላችሁም። ማስረዳት ደግሞ ሥራዬም አመሌም ነው።

ያኔ ኦሮራ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም ነበር። ኢትዮጵያዊት ሆኜ ስፓኒሽ ማስተማሬ ለብዙ ሰው ግራ ነው። ከአዳማ ወደዚህ፣ አክስቴ እትዬ ትርሲት ዘንድ ስመጣ ገና ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ የኖርነው ኮልፋክስ መንገድ አካባቢ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን የሕንፃው ልጆች አብዛኞቹ የሜክሲኮ ልጆች ስለነበሩ፣ እንግሊዝኛ ሳይቀናኝ ስፓኒሽ ለመድኩ። አባቴ ይህን ሲሰማ ስልክ ላይ ሳቀ። «አረብኛ ብትለምጂ እኮ ጅቡቲ ላይ ትጠቅሚኝ ነበር» አለኝ።

አባቴ ተፈራ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። እናታችን ቀድማ ስለሞተች እኔንና ታላቅ ወንድሜን ናትናኤልን ያሳደገን እሱ ነው። እሁድ እሁድ ስደውልለት የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ «በዚህ ሳምንት ምን አስተማርሽ?» ይለኛል። እኔም ግሡንም፣ ተረቱንም፣ ዘፈኑንም ሁሉ ቁጭ አድርጌ አስረዳዋለሁ። ገብቶት ይሁን ሳይገባው አላውቅም፤ አያቋርጠኝም። ስጨርስ «በቃ፣ ልጆቹ ገብቷቸዋል» ይላል።

ከትምህርት ቤት ውጪ ያለኝን ጊዜ የምሰጠው ለፕሮፌሰር ሌነርድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የኖረውን የስፓኒሽ ሥነ ቃል፣ በተለይም የሴፋርድ አይሁዶችን ነው። ሴፋርድ የሚባሉት ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከስፔን የተባረሩት አይሁዶች ዘሮች ናቸው። ወደ ሞሮኮ፣ ወደ ቱርክ፣ ወደ ግሪክ ሲበተኑ ቤታቸውን ጥለው ዘፈናቸውን ይዘው ሄዱ። ስፔን ራሷ የረሳቻቸው ስለ ንጉሥ፣ ስለ ምርኮኛ፣ ባሏን ስለምትጠብቅ ሚስት የሚተርኩ ረጃጅም ግጥሞች በእነዚህ ሰዎች ማጀት ተጠብቀው ቆዩ። ያቆዩአቸውም ሴቶቹ ናቸው፤ ልጅ ሲያባብሉ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ ሙሽራ ሲሸኙ።

ፕሮፌሰሩ ከወጣትነታቸው ጀምሮ መቅጃ ተሸክመው የእነዚህን ሴቶች በር ሲያንኳኩ ኖረዋል። «ዘፈን ስጪኝ ተብሎ አይጠየቅም» ይሉኝ ነበር። «ልብስ ስታጥፍ ካገኘሻት አብረሻት አጥፊ። ከዚያ አንዱን ዘፈን ሆን ብለሽ አሳስተሽ ጀምሪው። ስሕተት ሰምታ ዝም ያለች ሴት እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም።»

እኔ ሥርዓት ስለምወድ ሕጎቻቸውን ቶሎ ያዝኩ። ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት መግቢያ በድምፅ ይነገራል፤ ቦታው፣ የዘፋኟ ስም፣ የዘፈኑ ዓይነት፣ በመጨረሻም አጋጣሚው። አጋጣሚ ማለት የተዘፈነበት ምክንያት ነው። ሠርግ ላይ ከሆነ ሠርግ፣ ልደት ላይ ከሆነ ልደት፤ ለእኛ ጥናት ብቻ ከሆነ ግን «አጋጣሚ የለም» ይባላል። ሌላው ሕግ ደግሞ ዜማ ከተጀመረ እንዳይቋረጥ ነው። በር ቢንኳኳ፣ ስልክ ቢጮህ፣ ዘፋኟ ብታለቅስ፣ አይቋረጥም። ፕሮፌሰሩ ዓይናቸው ደክሞ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ስለጀመረ መኪናውን የምነዳው፣ መቅጃውን የምይዘው፣ መግቢያውንም የምናገረው እኔ ነበርኩ።

በዴንቨር አካባቢ የቀሩላቸው ዘፋኝ ሴንዮራ ሉና ብቻ ነበሩ። የተወለዱት ቴቱዋን በምትባል የሰሜን ሞሮኮ ከተማ ነው። ለፕሮፌሰሩ የማይዘፍኑት አልነበረም፤ የሠርጉን፣ የእሹሩሩውን፣ የንጉሡን። አንድ ነገር ሲቀር። እናታቸው ያወርዱት የነበረው ሙሾ።

ሙሾው ከእኛ የራቀ አይደለም። ዜማውና አዝማቹ የጥንት ነው፤ አልቃሿ ግን የሟቹን ስም፣ ሥራውን፣ የተዋቸውን ልጆች እያስገባች ትገጥመዋለች። የሴንዮራ ሉና እናት የቴቱዋን አልቃሽ ነበሩ፤ የእሳቸውን ዜማ ፕሮፌሰሩ ከሌላ ሰው አፍ ሰምተውት አያውቁም፤ ቀድቶ ያስቀረም ሰው አላገኙም። በጠየቋቸው ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «ሰው ካልሞተ አይዜምም። ያለ ሬሳ ሙሾ የወረደበት ቤት ሬሳ ይጠራል።» ፕሮፌሰሩ ለመጨረሻ መጽሐፋቸው ሲሉ ሠላሳ ዓመት ያህል ጠበቁ እንጂ አስጨንቀዋቸው አያውቁም።

በዚያ ሳምንት ግን ፕሮፌሰሩ የልብ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ቀጠሮ ነበራቸው። ሴንዮራ ሉናም እየደከሙ ሄደው ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ ልንሰናበታቸው ተስማማን። መሰናበት ይባል እንጂ በልቤ ያለው ሌላ ነበር። ያንን ዜማ ዛሬ ካላገኘነው መቼም አናገኘውም፤ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ጫፉ ሳይታሰር ይቀራል፤ ይህን እያሰብኩ ነበር ቅዳሜ ማታ የተኛሁት።

ቅዳሜ ማታ አክስቴ እንግዳ ነገር ነበራት። ስልኳ እንደተበላሸ ነግራኝ የእኔን ወሰደችው። እሁድ ጠዋት ስጠይቃት «ቻርጅ ላይ ነው» አለች፤ የት እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ዓይኗ አብጦ ነበር፤ አለርጂ ነው አለች። ዛሬ የትም እንዳልሄድ፣ ትምህርት ቤቱ እንዳደከመኝ፣ ተኝቼ እንድውል ለመነችኝ። ለአባቴ ልደውል ላፕቶፔን ስከፍት ኢንተርኔት የለም።

የአክስቴ ልጅ ቤቴል ከሶፋው ላይ ሆና «ዋይፋዩ ኢዝ ኖት ብሮክን፣ ማሚ ናት የነቀለችው» አለችኝ።

«ለምን?»

«አይ ዶንት ኖው። ፌስቡክ ባድ ነው አለች።»

እናንተ ይህን የምታነቡ ሐበሾች ገና ከአሁኑ ገብቷችኋል። ከቤታችሁ ዋይፋይ የተነቀለበት ሰው ካለ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። እኔ ግን አልገባኝም። አክስቴ ቤቴልን የምትቆጣበት አንድ ነገር አግኝታ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ወንድሜም ያን ቀን ከሲያትል እየበረረ እንደሆነ፣ አባቴ ዓርብ ዕለት ከጓደኞቹ ጋር ምሳ በልቶ ጋደም እንዳለ በዚያው እንደቀረ፣ ቅዳሜ እንደተቀበረ፣ የዕድሩ ሰዎች ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሊያረዱኝ እንደተቃጠሩ፣ ከእኔ በቀር የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቅ ነበር።

አክስቴ «ገበያ ደርሼ መጣሁ» ብላ ስትወጣ እኔም የመኪናዬን ቁልፍ አነሣሁ። ለቤቴል የት እንደምሄድ ነገርኳት። ስልክ ስላልያዝኩ ከዚያ በኋላ ሊያገኘኝ የሚችል ሰው አልነበረም።

ፕሮፌሰሩን ከዴንቨር ቤታቸው ወስጄ እንግልውድ ደረስን። ከሕንፃው ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው። በሩን የከፈቱልን እትዬ ሙሉ ናቸው። እትዬ ሙሉ ሴንዮራ ሉናን የሚንከባከቡ የእኛው ሰው፣ የአክስቴ የዕድር ጓደኛ ናቸው። ሌላ ጊዜ ሲያዩኝ «መጣሽ የእኔ ስፓኛርድ!» ብለው ነው የሚስሙኝ። ያን ቀን በሩን እንደያዙ ቀሩ።

«ሕሊና? ትርሲት አትመጣም ብላኝ ነበር እኮ» አሉ።

«አክስቴ ልታስተኛኝ ነበር፤ አምልጬ ነው» ብዬ ሳቅኩ።

እትዬ ሙሉ አልሳቁም። አቀፉኝና ቶሎ አልለቀቁኝም። ከዚያ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ማእድ ቤት ገቡ። ስልካቸውን አንሥተው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አክስቴን እየፈለጉ እንደነበር በኋላ ነው የተረዳሁት። አክስቴ አላነሣችላቸውም።

ሴንዮራ ሉና ከመስኮቱ አጠገብ ከወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሻይ የለም፣ ሁልጊዜ የሚያቀርቡልን ጣፋጭም የለም። ሌላ ጊዜ ስለ አባቴ ይጠይቁኝ ነበር፤ የእሳቸውም አባት በቴቱዋን የአውቶቡስ ሹፌር ስለነበሩ «የሹፌር ልጆች ነን፣ መጠበቅ እናውቃለን» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ምንም አልጠየቁኝም። እጄን ይዘው ፊቴን አዩ፤ ከዚያ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞሩ።

«ሌነርድ፣ ያንን ዛሬ እዘፍነዋለሁ» አሉ።

ፕሮፌሰሩ ወንበር ሳቡ። እኔ ግን ቦርሳዬን ከፍቼ ጨርሻለሁ። ማይኩን የሰካሁት በደስታ ነበር። ለፕሮፌሰሩ ቀዶ ሕክምና ሲሉ ነው ብዬ አሰብኩ። ሊሞቱ ይችላሉ ብለው አዘኑላቸው፣ ልባቸው ራራ፤ ሳስበው ሁሉም በቦታው ገጠመልኝ። እንዲህ ነኝ፤ ማብራሪያ ካገኘሁ ሌላ አልፈልግም።

ሴንዮራ ሉና እትዬ ሙሉን ጠርተው ከወንበሩ እንዲያወርዷቸው አዘዙ። እትዬ ሙሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ማማ ሉና፣ ፕሊስ፣ ኖት ቱዴይ» እያሉ ለመኗቸው። ለጉልበታቸው ሠግተው መሰለኝ። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። በመጨረሻ እትዬ ሙሉ ብብታቸውን ይዘው ወለሉ ላይ አስቀመጧቸው። አሮጊቷ ሻሻቸውን ፈቱት። ነጭ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወደቀ።

ፕሮፌሰሩ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። በእነዚያ ሰዎች ልማድ ወለል ላይ የሚቀመጥ ሐዘንተኛ መሆኑን እሳቸው ያውቃሉ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ። ግን የጻፍኩት ነገር ፊቴ ሲቀመጥ አላወቅኩትም።

መቅጃውን ከፈትኩና እንደ ደንቡ መግቢያውን ተናገርኩ፤ ቦታው እንግልውድ፣ ዘፋኟ ሴንዮራ ሉና፣ ዓይነቱ ሙሾ። ከዚያ በጠራ የአስተማሪ ድምፄ «አጋጣሚ የለም» አልኩ።

ሴንዮራ ሉና ቀና ብለው አዩኝ። «የለም አልሽ?» አሉ ቀስ ብለው። «ይሁን፣ ልጄ።»

ዜማው ከጉሮሮ ሳይሆን ከዚያ በታች ካለ ቦታ ነበር የሚመጣው። በእጃቸው ጉልበታቸውን በዝግታ ይመቱ ነበር። መጀመሪያ ስለ ተዘጋ በር ነበር፤ ስለ ጠፋ መብራት። እኔ እያዳመጥኩ ከሌሎቹ ሙሾዎች ጋር አወዳድር ነበር። የሚቀጥለውን ቃል ስሰማ ወረቀቴ ላይ ቃለ አጋኖ አደረግኩበት። የመኪና መሪ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሙሾ ውስጥ የመኪና መሪ ገባ! የአውቶቡስ ሹፌር አባታቸውን እያለቀሱ ነው አልኩ፤ ለጥናቱ እንዴት ያለ ነገር ነው አልኩ። ወደ አማርኛ ስመልሰው ወደዚህ ይጠጋል፦

በሩን አትዝጉት፣ ይመጣል እንግዳ፤
መሪውን ለቀቀ ሹፌሩ በሜዳ።
ልጁ ባሕር ማዶ፣ ሳቋ ይሰማል፤
የአባቷን ሞት ለእሷ ማን ይነግራታል?

ባሕር ማዶ ያለች ልጅ የሚለው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ሴንዮራ ሉና አባታቸው ሲሞቱ ቴቱዋን ነበሩ። ይህን ነግረውኛል። ቀና ስል እትዬ ሙሉ በማእድ ቤቱ በር ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ዋይፋዩን አሰብኩ። ስልኬን አሰብኩ። የአክስቴን ዓይን አሰብኩ። ከዚያ አሮጊቷ ስሙን ጠሩት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእሳቸው አፍ ለስለስ ብሎ፣ ግን ስሙ ስሙ ነው። ተፈራ።

ለምን እንዳልጮህኩ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ዜማ ከተጀመረ አይቋረጥም የሚለው ሕግ ይዞኝ ይሆናል። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ስለነበረ ድምፃቸው ከውጪ ሳይሆን ከራሴ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር፤ ከዚያ የምወጣበት መንገድም አልነበረኝም። ማይኩን እንደያዝኩ፣ እንባዬ እጄ ላይ እየወረደ፣ እስከ መጨረሻው ቀዳሁት። ሲጨርሱ መቅጃውን የዘጉት ፕሮፌሰሩ ናቸው። ጣታቸው ቁልፉን ለማግኘት ቆየ።

እትዬ ሙሉ መጥተው ከእግሬ ሥር ወደቁ። ጠዋት ብቻቸውን ሲያለቅሱ አሮጊቷ ለምን እንደሆነ ጠየቋቸው። እኔ እንደማልመጣ አክስቴ ስለነገረቻቸው፣ ከአሮጊቷ ቤትም ወሬ የትም ስለማይወጣ፣ እንደዋዛ ነገሯቸው። «ከእኔ አፍ ወጣ ከተባለ ትርሲት ምን ትለኛለች? ሰዉ ሁሉ ተቃጥሮ፣ ወንድምሽ እየመጣ» እያሉ እጄን ይስሙ ነበር።

ሴንዮራ ሉናን ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። ቁጣም ነበረብኝ። ገና ወለሉ ላይ ነበሩ።

«መቼ ይነግሯታል ብዬ ሙሉን ጠየቅኳት፣ ነገ አለችኝ» አሉ። «እስከ ነገ ማን ያለቅስለታል አልኳት። ከዚያ አንቺ እየሳቅሽ ገባሽ። ሟች ደጅ ላይ ቆሞ የልጁን ሳቅ እየሰማ አይጠብቅም፣ ልጄ። በእኛ አገር ይህ ነውር ነው።»

በእኛ አገር ደግሞ ብቻዋን ያለች ልጅን በእሁድ ከሰዓት እንዲህ ማርዳት ነው ነውሩ። የሁለቱም ልብ ደግ ነው፤ ሁለቱም እኔ ላይ ወደቁ።

ከመውጣታችን በፊት አሮጊቷ ከበሩ አጠገብ በእጄ ላይ ውኃ እንዲፈስስ አዘዙ። ከቀብር የተመለሰ ሰው ሳይታጠብ ቤት እንደማይገባ፣ ከለቅሶ የወጣም ሳይታጠብ እንደማይሄድ ነገሩኝ። እትዬ ሙሉ በጆግ እያፈሰሱ «የእኛው ነው እኮ፣ አዳማም እንዲህ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው።

አባቴ መንዳት ያስተማረኝ በቃል ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ስወስድ በስልክ ያዘዘኝ አንድ ነገር ቢኖር መሪ ይዤ እንዳላለቅስ ነው። «ሐዘን ከመጣብሽ ጥግ ያዢ» ብሎኛል። ከእንግልውድ ሳልወጣ አንድ የተዘጋ ሱቅ ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩና አለቀስኩ። ፕሮፌሰሩ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ሲረጋጋልኝ ከመቅጃው ውስጥ ትንሿን የማስቀመጫ ካርድ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ወለሉ ላይ ሲቀመጡ ሰው እንደሞተ ገብቶኝ ነበር» አሉ። «የማን ሰው እንደሆነ አላወቅኩም። ላቆማቸው እችል ነበር። ሠላሳ ዓመት ጠብቄው ስለነበረ ዝም አልኩ።»

ሞተሩን አስነሣሁና መልሼ አጠፋሁት።

«ይህ የእኔ አይደለም» አሉ ካርዱን እያሳዩ። «አጥፊው፣ ቅበሪው፣ እንዳሻሽ። አልጠይቅሽም።»

ወደ ቀዶ ሕክምና የሚሄዱ ሰው ያን ሲሉኝ ይቅርታም ይገባቸዋል፤ ቁጣም ይገባቸዋል። ሁለቱንም በእኩል ሰጠኋቸው መሰለኝ። ቤታቸው አድርሼ ወደ ኦሮራ ተመለስኩ።

አሁን ደግሞ ከዜማው ይልቅ የከበደኝን ልንገራችሁ። አክስቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ፣ የት ነበርሽ ብላ ልትቆጣ ጀምራ ተወችው። ጋራዡ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ወንበሮች ተደራርበው ነበር፤ አንሶላ ተጥሎባቸዋል። ትልልቅ ድስቶች ምድጃው ላይ ነበሩ። «ለቤቴል ትምህርት ቤት ፖትላክ የሚዋጣ ምግብ ነው» አለችኝ። እኔም «አይ፣ ጥሩ ነው» አልኳት።

ለእትዬ ሙሉ ስል ይሁን፣ ለአክስቴ ስል ይሁን፣ እንዳላወቀ ሰው ሆንኩ። አክስቴ ከነገ ጀምሮ እህል እንደማይወርድልኝ ስለምታውቅ በግድ አበላችኝ፤ በእጇ አጎረሰችኝ። እያጎረሰችኝ ፊቷን ታዞራለች። እኔም የምውጠው እሷ እንዳታዝን ነው። አንዷ ሌላዋን ስታድን፣ ሁለታችንም የአንድ ሰው ለቅሶ አፍነን ቁጭ ብለን በላን። እህቱ ናት። ወንድሟን ለእኔ ብላ አላለቀሰችውም።

ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ። አልጋዬ ላይ ልቀመጥ ነበር፤ ሳላስበው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የመኪኖቹን ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ በሳሎኑ የሰው ኮቴ። አክስቴ ልትቀሰቅሰኝ በሬን ከፈተች። ከኋላዋ ናትናኤልና የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ በላቸው ነበሩ። ጋሽ በላቸው ያዘጋጁትን ቃል አፋቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ።

አክስቴ ልብሴን አየች፣ ወለሉን አየች። «ማነው የነገረሽ?» አለች።

«አንዲት የቴቱዋን አልቃሽ» አልኳት።

የሚገባት ነገር አልነበረም፤ ግን እንዳብራራላት አልጠየቀችኝም። ከጎኔ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ከቅዳሜ ጀምሮ ያቆየችውን ለቅሶ ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሞላ።

ይህን የምጽፍላችሁ በመርዶ ልማዳችን ላይ ለመፍረድ አይደለም። ሰዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ መደበቁ ይሻላል ወይስ ወዲያው መንገሩ? አስተማሪ ስለሆንኩ መልስ ያለኝ ይመስላቸዋል። የለኝም። አክስቴ ብቻዬን እንዳልወድቅ ሁለት ቀን እሳት ዋጠች፤ ይህን የሚያህል ፍቅር አላየሁም። ግን በዚያ እሁድ ስንት ጊዜ እንደሳቅኩ ትዝ ይለኛል፤ እያንዳንዱም ሳቅ ይቆጨኛል። እናንተም የምታረዱት ሰው ካለ፣ እስክታረዱት ድረስ የሚስቀውን ሳቅ አስቡለት። ከዚህ በላይ የምመክረው የለኝም።

በእኔ ላይ የተለወጠው ሌላ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ሲነገረኝ ማብራሪያው ከነገሩ ቀድሞኝ ይመጣ ነበር። አሁን ክፍል ውስጥ ዘፈን ሳሰማ አስቀድሜ አላብራራም። ተማሪዎቼ «ሚስ፣ ኬ ፓሶ፣ ዛሬ ሌክቸር የለም እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። መጀመሪያ ይሰሙታል፤ ከዚያ ማን ለማን እንደዘፈነው ይጠይቁኛል። ያን ጥያቄ ነው እኔ ያልጠየቅኩት።

የአባቴ አርባ እስኪወጣ ካርዱን አልነካሁትም። ፕሮፌሰሩ ከቀዶ ሕክምናው ተርፈው ቤታቸው ነበሩ፤ ስጠይቃቸው ስለ መጽሐፉም ስለ ዜማውም አያነሡም። አርባው ከወጣ በኋላ ባለው እሁድ፣ ለአባቴ እደውልለት በነበረው ሰዓት፣ ማዳመጫዬን አድርጌ ከፈትኩት። መጀመሪያ የሰማሁት ሴንዮራ ሉናን አይደለም፤ ራሴን ነው። ደስ ያለው፣ የጠራ ድምፅ። ቦታው እንግልውድ። ዓይነቱ ሙሾ። አጋጣሚ የለም።

እዚያ ላይ ዘጋሁት። ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ልተወው አስቤ ነበር። ግን ያ ዐረፍተ ነገር እንዲሁ ሊቀር ነው። አንድ ቀን ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ይሰማዋል፤ ይህን የመሰለ ለቅሶ ለማንም እንዳልተለቀሰ፣ በአንዲት ልጅ ምስክርነት፣ ያምናል።

መቅጃውን አነሣሁና ከዜማው መጨረሻ ላይ ቀጠልኩ። «ማረሚያ» አልኩ። «በመግቢያው ላይ የተነገረው ስሕተት ነው። አጋጣሚው የአቶ ተፈራ ሞት ነው። የአዳማ ሰው፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የናትናኤልና የሕሊና አባት። የቀዳችው ልጁ ናት፤ ስትጀምር አላወቀችም።»

ካርዱን ለፕሮፌሰሩ ስሰጣቸው እርግጠኛ መሆኔን ደጋግመው ጠየቁኝ።

«እርስዎ አይደሉ ያሉት» አልኳቸው። «ስሕተት ሰምታ ዝም ያለች ሴት አላጋጠመችኝም ብለው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መቅጃውን ልከፍትላቸው ስል እጃቸውን አንሥተው ከለከሉኝ፤ ሙሾ ሬሳ በሌለበት ቤት ውስጥ አይሰማም አሉ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ጓሮ አወጣኋቸውና ከአጥሩ ጥግ በሁለት ወንበር ተቀምጠን እስከ መጨረሻው፣ እስከ ማረሚያዬ ድረስ ሰማነው። ሲያልቅ ከጓሮው ቧንቧ በጆግ ውኃ ቀድቼ በእጃቸው ላይ አፈሰስኩላቸው። ከዚያ ጆጉን ከእጄ ተቀብለው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ግማሹን መሬት ላይ እያፈሰሱ፣ የእኔን አስታጠቡኝ።